ከርስቱ ቀድሞ የሚወረሰው፦ ሐረግ፣ ኑዛዜና ስም በሰሜኑ ደጋ

ከ1967 ዓ.ም. በፊት በጎጃም፣ በቤጌምድርና ስሜን፣ በወሎ፣ በሰሜን ሸዋና በትግራይ ይኖር የነበረ አራሽ ከወላጁ ወረሰ የሚባለው ከሁሉ በላይ ርስት ነበር። ርስት ማለት አንድ ሰው በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል አገሩን መጀመሪያ ካቀናው ቀዳሚ አባት መወለዱን አስረድቶ ከዚያ አባት መሬት ድርሻ የመጠየቅ፣ ያገኘውንም ለልጆቹ የማስተላለፍ መብት ነው፤ ንጉሥ ለአገልግሎት ከሚሰጠውና ለባለቤቱ ግብር የመሰብሰብና ዳኝነት የማየት ሥልጣን ከሚያስገኘው ከጉልት የሚለየውም ከትውልድ እንጂ ከሹመት ባለመምጣቱ ነው። እንዲህ ስለሆነም ርስተኛ አባት ሲሞት የሚተወው በድንበር ተከልሎ ለሁልጊዜ የጸና ማሳ አልነበረም። ያረሰው ማሳ እርሱ በሕይወት ሳለ እንኳ ሌላ ተወላጅ ተነሥቶ ይገባኛል ሲል ሊቀነስ፣ እርሱም በሌላ የትውልድ መስመር ጠይቆ ሊጨምርበት ይችል ነበር። የማይቀነሰው በትውልዱ መስመር ውስጥ ያለው ስፍራና ያንን ስፍራ ለማስረዳት የሚያስችለው እውቀት ነው። የርስት አገር ወላጅ ለልጁ በእውነት ያወረሰው ምን እንደነበረ ለመረዳት ከመሬቱ ይልቅ መሬቱን ያስገኙትን ነገሮች፣ ማለትም የሐረግ ትውስታን፣ የሙግት ችሎታን፣ በዘመድና በጎረቤት ዘንድ ያለ ታማኝነትን፣ ያልተከፈለ ዕዳንና የተገባ ቃልን መመርመር ያስፈልጋል።

በጎጃም በተለይም በዳሞት አካባቢ በነበረው አሠራር መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ሰው አቅኚ አባት ወይም ዋና አባት ይባላል፤ የእርሱ ልጆች መሬቱን በተካፈሉ ጊዜ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ተወላጆች መነሻ ስለሚሆኑ ምንዝር አባት ተብለው ይጠራሉ። በአንድ ዋና አባት ስም የሚሰባሰቡት ተወላጆች የድርሻ ጥያቄ ሲቀርብ የሚያዳምጥላቸውና በሙግት የሚቆምላቸው ፈጅ የሚባል ተጠሪ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ሥርዓት በዳሞት በቅርብ ያጠናውና ስለ አማራ የመሬት ይዞታ የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን እንዳሳየው፣ ዘር የሚቆጠረው በወንድም በሴትም በኩል በመሆኑ አንድ ሰው ከብዙ ዋና አባቶች መወለዱን ሊያስረዳ ይችል ነበር፤ ከነዚህ ሁሉ መስመሮች ግን በተግባር መሬት የሚያስገኙለት ጥቂቶቹ ነበሩ። ሒሳቡ ራሱ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል፤ ማንኛውም ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉት፤ ወደ ኋላ እስከ ሰባተኛው ትውልድ ቢቆጠር በዚያ እርከን ላይ ብቻ 128 ሰዎች ይገኛሉ። ከነዚህ ሁሉ መሐል የትኛው መስመር እንደሚያዋጣ፣ በየትኛው ደብር ያለ ዘመድ ጥያቄውን እንደሚደግፍና የትኛው እንደሚቃወም የሚያውቅ ልጅ ከወላጁ ትልቅ ነገር ተቀብሏል፤ ይህን የማያውቅ ልጅ ግን አባቱ ሰፊ እርሻ ትቶለት ቢሞት እንኳ እርሻው በእጁ ሊጸናለት አይችልም ነበር።

ድርሻ ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ቅጥር አጠገብ ወይም ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በተቀመጡ ሽማግሎች ፊት ቆሞ ሐረጉን ይቆጥራል። የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሊት ልጅ፣ እገሊት የእገሌ ልጅ እያለ ከራሱ ተነሥቶ ወደ ምንዝር አባቱ፣ ከዚያም ወደ ዋናው አባት ይወጣል። በቆጠራው መካከል የሴት ስም መግባቱ ማንንም የማያስገርም ተራ ነገር ነበር፤ ከአንዲት ሩቅ አያት በኩል የመጣ መብት ከወንድ ቅድመ አያት በኩል ከመጣው አያንስምና፣ ባል ያገባች ሴትም የአባቷንና የእናቷን ርስት ይዛ ለልጆቿ ታስተላልፍ ነበር። ቆጠራውን የሚያዳምጡት ሰዎች በቸልታ የተቀመጡ አይደሉም። ከነሱ መካከል አንዱ በጠያቂው መሬት ማግኘት የራሱ ድርሻ የሚጠብበት ነውና፣ አንዲት አያት ብትዘለል፣ ሁለት ወንድማማቾች በስም ቢቀያየሩ፣ ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው እንደ ወላጅ ቢጠቀስ ያንኑ ይዞ ይነሣል። ስለዚህ ስሞቹን በተራ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ሰው ስንት ልጅ እንደወለደ፣ የትኛዋ ልጅ ወደየትኛው አገር እንደተዳረች፣ ማን ተሰዶ እንደቀረ፣ ማን በክፉ ቀን ድርሻውን ለወንድሙ በአደራ ትቶ እንደሄደ ማወቅ ይገባል። ጥያቄው ከጸና በኋላ መሬቱ በገመድ ይለካል፤ ደልዳላውና ድንጋያማው፣ ወንዝ ዳሩና ተዳፋቱ ለሁሉም እንዲደርስ ተደርጎ ከተከፋፈለ በኋላ ድርሻው በዕጣ ይለያል።

ይህ እውቀት የሚሰጥበት ትምህርት ቤት አልነበረውም። ልጁ የሚማረው ከአባቱ ጋር ከብት ሲጠብቅ፣ ይህ ማሳ በማን በኩል እንደመጣና ከማዶ ያለው ለምን ለሌላ እንደሄደ በጥያቄና መልስ ሲነገረው፣ በለቅሶና በሠርግ ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ዝምድናቸውን ሲቆጥሩ በመስማት፣ ከሁሉም ይልቅ በአያቱ አጠገብ በመቀመጥ ነበር። የአያት ትውስታ የቤተሰቡ መዝገብ ስለነበረ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ልጆቹን ሳያስጠና ቢሞት ጉዳቱ በቁም ነገር የሚለቀስበት ነበር። በጽሑፍ የተያዘው ጥቂት ነው። ቤተ ክህነት በወንጌላቱና በሌሎች ብራና መጻሕፍቷ ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭንና ኑዛዜን ታስጽፍ ነበር፤ የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው የኢትዮጵያ የመሬትና የማኅበረሰብ ታሪክ በሰፊው የተጠቀመባቸው፣ በተለይ ከጎንደር ዘመን የተረፉት እንዲህ ያሉ ሰነዶች ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ጽሑፎች በአብዛኛው የመኳንንቱን፣ የወይዛዝርቱንና የካህናቱን ጉዳይ የያዙ ናቸው፤ ተራው አራሽ ብራናው የገዛ ልጁ ነበር።

ሐረግ ማወቅ ብቻውን መሬት እንደማያስገኝ የርስት አገር ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚለው አባባል ለረጅም ዘመን የተረሳ መብት ሊነሣ እንደሚችል የሚያጽናና ነው፤ የሚያነሣው ግን በዳኛ ፊት ቆሞ ነገሩን በሥርዓት ማቅረብ የሚችል፣ ዋስ የሚሆነው ሰው ያለው፣ ምስክሮቹ የማይከዱት ሰው ነው። በቀድሞው ሙግት ተከራካሪዎች ነገራቸውን በበላ ልበልሃ፣ ማለትም በተዋበና ብዙ ጊዜም ቤት በሚመታ አነጋገር በመጠየቅና በመመለስ ያቀርቡ ነበርና፣ አባት ልጁን ወደ ችሎት ይዞት ሲሄድ የንግግርን ወግ፣ መቼ ዝም እንደሚባልና መቼ እንደሚቋረጥ፣ ዳኛን እንዴት እንደሚያከብሩትና ተሟጋችን ሳይሳደቡ እንዴት እንደሚረቱት እያስተማረው ነበር። ዋስና ምስክር ደግሞ የሚገኙት በአንድ ቀን አይደለም። የአባት ደግነት፣ ለቸገረው ማበደሩ፣ ለቅሶ መድረሱ፣ የገባውን ቃል መጠበቁ ከሞተ በኋላ ለልጁ ዋስ ሆኖ ይቆማል፤ የአባት ክፋትም እንዲሁ ልጁ ባላጠፋው ጥፋት ምስክር ያሳጣዋል። ይህ ሁሉ ሲባል ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል ነበር ማለት አይደለም። ሹመት ያለው ወይም ከሹም ጋር የተዛመደ ሰው ደካማ በሆነ የትውልድ መስመር እንኳ ጠይቆ ሲያገኝ፣ ድኃው ጠንካራ ሐረግ ይዞ ደጅ ሲጠና መኖሩ በየዘመኑ ያጋጠመ በደል ነበር፤ ባል የሞተባትና የሚቆምላት ወንድም የሌላት ሴት ርስቷን ለማስከበር የምታየው መከራም ከሁሉ የበለጠ ነበር።

ወላጅ የሚተወው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሚታየው በኑዛዜ ጊዜ ነው። የታመመው ሰው እንደማይተርፍ ሲያውቀው በመጀመሪያ የነፍስ አባቱን፣ ማለትም ኃጢአቱን የሚናዘዝለትንና በሕይወቱ ሁሉ የሚመክረውን ቄስ ያስጠራል፤ ከእርሱም ጋር የሚታመኑ ሽማግሎችና ጎረቤቶች ለምስክርነት ይመጣሉ። ልጆቹ በመደቡ ዙሪያ ይቆማሉ። ተናዛዡ የሚጀምረው ከሀብቱ አይደለም፤ ከዕዳው ነው። ከእገሌ የወሰድኩት ሁለት ቁና ጤፍ አልተመለሰም፤ ከእገሊት ጋር በእርቢ የተያዘችው ላም የወለደችው ጊደር ግማሽዋ የእርሷ ነው፤ ለእገሌ የሁለት ቀን ወንፈል አለብኝ እያለ በዝርዝር ይናገራል። እርቢ ማለት የከብቱ ባለቤት ለሌላ ሰው ሰጥቶ ውላጁን የሚካፈሉበት ስምምነት ሲሆን፣ ወንፈል ደግሞ አንዱ ለሌላው በእርሻና በአጨዳ ተራ በተራ የሚሠራበት የሥራ ብድር ነው። ሟቹ የሠራለት ሰው ቀኑን ሊመልስለት ይገባል፤ ሟቹ ያልመለሰውንም ቀን ልጁ ማጭድ ይዞ ወርዶ ይሠራዋል። ያባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ የተባለው ከዚህ ልማድ ጋር የኖረ አባባል ነው። ዕዳን በግልጽ መናገር የተናዛዡን ነፍስ ያቀላል ተብሎ ስለሚታመን የነፍስ አባቱ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ልጆቹም በዚያች ሰዓት የሚሰሙት የመጨረሻ የሒሳብ ትምህርት አባታቸው ከማን ጋር በምን ተሳስሮ እንደኖረ ያሳውቃቸዋል።

ከዕዳው ቀጥሎ አደራው ይነገራል። ማን የት እንደሚቀበር፣ ለቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚሰጥ፣ ያልደረሱ ልጆች ከማን ጋር እንደሚያድጉ፣ የተረገዘ ካለ ምን እንደሚጠበቅለት፣ በስውር የተወለደ ልጅ ካለም ማን መሆኑ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። በእርጅናው ጊዜ ለጦረው ልጅ በሬ ወይም ጥሩ ማሳ ጨምሮ የሚሰጥ አባት ብዙ ነበር፤ ርስት ግን መብቱ ከዘር የመጣ ስለሆነ ልጅን ከሐረጉ ጨርሶ ማውጣት ለአባትም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፃዊው ሊቅ በኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ሰፊ ድንጋጌዎች ስላሉት፣ ሊቃውንቱና ዳኞቹ አንድ ኑዛዜ ሲያከራክር ይጠቅሱት ነበር፤ በገጠሩ ዳኝነት ግን በመጽሐፉ ላይ የአገሩ ልማድ ይጨመርበታል፤ ብዙ ጊዜም ልማዱ ያይላል።

ከሀብት ክፍፍሉ ይልቅ ልጆቹ በጉጉትና በፍርሃት የሚጠብቁት ምርቃቱን ነበር። ምርቃት ወላጅ በልጁ ላይ የሚናገረው የበረከት ቃል ሲሆን፣ ተመራቂው ዝቅ ብሎ አሜን እያለ ሲቀበል መራቂው በቃሉ መካከል እንትፍ እያለ ያሳርፍበታል፤ የወላጅ እርግማንም በተመሳሳይ ኃይል የሚሠራ ተደርጎ ይታመን ስለነበረ፣ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ በሌላ አገር ይኖር የነበረ ልጅ ሞት መቃረቡን ሲሰማ ሽማግሌ ልኮ ወይም ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ለመጠየቅ ይመጣ ነበር። ድንጋይ በጫንቃ ወይም በአንገት ተሸክሞ መቅረብ በደለኛ ራሱን ዝቅ ማድረጉን የሚያሳይበት የእርቅ ሥርዓት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ ለመሬት ሲል አልመጣም፤ መሬቱን በሐረጉ ሊጠይቅ ይችል ነበርና። የመጣው ወላጁ ሳይመርቀው የሞተበት ሰው እህሉም ልጁም አይባረክለትም ብሎ በማመኑ ነው።

ሁሉም የሚተላለፈው ነገር መልካም አልነበረም፤ ከሁሉ የከፋው ደም ነው። አባቱ በሰው እጅ የተገደለበት ወንድ ልጅ እርቅ ካልወረደ በቀር ደም የመመለስ ግዴታ እንዳለበት ይታሰብ ነበር፤ በማኅፀን ሳለ አባቱ ለተገደለበት ሕፃን ደመላሽ የሚል ስም መውጣቱም ያልተወለደ ልጅ ምን ያህል ሸክም ተዘጋጅቶ ይጠብቀው እንደነበረ ያሳያል። ገዳዩም በተራው ልጆቹን ባለዕዳ አድርጎ ይተዋቸዋል። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሱት ሽማግሎች ነበሩ፤ በየጊዜው በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሱ የገዳይ ወገን የደም ካሳ እንዲከፍል፣ የሟች ወገንም እንዲቀበል ያደርጋሉ፤ በመሐላ ከታሰረው እርቅ በኋላም አንዳንድ ጊዜ ሁለቱን ቤተሰቦች በጋብቻ ያስተሳስሯቸዋል። በመሞቻው ሰዓት ልጆቹን ሰብስቦ ደሜን አትመልሱ፣ በእርቅ ጨርሱት ብሎ ያስማለ አባት ካወረሳቸው ነገሮች ሁሉ ይህ መሐላ የሚበልጥ መሆኑን መናገር ይቻላል፤ የልጆቹን ሕይወትና ገና ያልተወለዱትን የልጅ ልጆቹን ሰላም ያወረሰ እርሱ ነውና።

ሟቹ ከተቀበረ በኋላ ወራሽነት በሥራ የሚፈተነው በተዝካር ነበር። በሦስተኛው ቀን ሣልስት፣ በአርባኛውና በሰማንያኛው ቀን፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ካህናት ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ በተለይ በአርባው ቀን ጠላው ተጠምቆ፣ እንጀራው ተጋግሮ፣ ፍሪዳ ታርዶ ካህናቱ፣ ድኆችና ጎረቤቶች ይበላሉ። የአንድን ዓመት አዝመራ የሚጨርስ ተዝካር ወራሹን ለብድር የሚዳርገው በመሆኑ በኋለኛው ዘመን ብዙ ተነቅፏል፤ ነቀፋውም መሠረት ነበረው። ሆኖም ድግሱ በርስት አገር ሌላ ተግባር እንደነበረው መዘንጋት የለበትም፤ ተዝካሩን ያወጣው ሰው ልጅነቱን በአገር ፊት አስመሰከረ፣ ከሩቅ የመጡት ዘመዶችም ሐረጋቸውን ቆጥረው ተለያዩ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን መሬት የያዘ ሰው ልጅ ደግሞ ተጨማሪ ግዴታ ነበረበት፤ በመሬቱ ላይ የተጣለውን የቅዳሴ፣ የማኅሌት ወይም ሌላ አገልግሎት ራሱ ካልቻለ የሚተካ ካህን ወይም ደብተራ ማቆም ነበረበት።

ስም ከዚህ ሁሉ የሚለይ ነገር አለው። በአበሻው ልማድ ልጅ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ ቢበዛ የአያት ስም ይጨመርበታል፤ ስለዚህ የአባት ስም በዕለት አጠራር ከሁለት ትውልድ በላይ አይዘልቅም። ቤተሰብ የሚባለው ክፍል በአንድ ቋሚ ስም የማይታወቅ በመሆኑ የቅድመ አያት ስም ጨርሶ ከአፍ ይወድቅ ነበር፤ ያቆየው ሐረግ ቆጠራ ነው። ሐረግ መቁጠር ደግሞ የቆየው መሬት ስለሚያስገኝ ብቻ እንዳልሆነ የጋብቻ ሥርዓት ይመሰክራል፤ ተጋቢዎች እስከ ሰባት ቤት፣ ማለትም እስከ ሰባተኛው የትውልድ እርከን ድረስ እንዳይዛመዱ በመጠንቀቅ የሁለቱም ወገን ሽማግሎች ተቀምጠው ይቆጥራሉ። በመሬት ሙግት ጊዜ ዝምድናን ለማረጋገጥ የሚተጋ ሰው በጋብቻ ጊዜ ዝምድና አለመኖሩን ለማረጋገጥ በዚያው እውቀት ይገለገል ነበር።

ርስት ያልነበራቸው ሰዎች ሁኔታ ነገሩን በሌላ ወገን ያስረዳል። የአይሁድን እምነት የሚከተሉት ቤተ እስራኤል በጎንደር ዙሪያ በወገራ፣ በደምቢያና በስሜን ሲኖሩ ርስት የማግኘት መብታቸውን በአብዛኛው ስለተነፈጉ፣ ብዙዎቹ በሰው መሬት ላይ በጢሰኝነት እያረሱ በቀጥቃጭነት፣ በሸማኔነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ ገና በልጅነቱ ወናፍ እየነፋ ብረቱ በምን ዓይነት ቅላት ላይ ሲደርስ እንደሚመታ በዓይኑ ይለያል፤ ሴቷ ልጅ ከእናቷ ጋር ሸክላ አፈር ቆፍራ፣ ፈጭታና አቡክታ ጀበናና እንስራ ስትሠራ፣ ዕቃው ሳይሰነጠቅ የሚቃጠልበትን መጠን በእጇ ታውቀዋለች። በሥራቸው ይናቁ፣ በቡዳነትም ይጠረጠሩ የነበሩ ሰዎች ይህን ሙያ፣ ሃይማኖታቸውን፣ ቄሶቻቸውን፣ የስግድን በዓልና የሰባት ቤት ቆጠራን ለልጆቻቸው አስረከቡ፤ የአንድ ማሳ ወራሽ ሳይሆኑ ብዙ ትውልድ ጸንተው መኖራቸው ከሁሉ የሚደነቅ ነው።

የመንግሥት ሕግ ወደዚህ አገር ውርስ በቀጥታ የገባው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በራሱ ጽሑፍ የሚያደርገውና በቃል የሚደረግ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ በቃል የሚደረገውን በሁለት ምስክሮች ፊት ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ወሰነው። በመደብ ዙሪያ ይነገር የነበረው ሰፊ ኑዛዜ በሕግ ዓይን ወደ ጥቂት ጉዳዮች ጠበበ ማለት ነው። በገጠሩ ግን ሕጉ ከመታወቁ በፊት ሌላ ሥጋት መጣ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በጎጃም ሲታወጅ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬዎች በመሣሪያ ተቃወሙት፤ ለተቃውሞው ከግብሩ መጠን ይልቅ የመሬቱ መለካትና መመዝገብ ርስትን ያጠፋል የሚለው ፍርሃት ትልቅ ምክንያት ነበር። መለካቱን የፈሩት ምድሪቱ በአንድ ሰው ስም ብትጻፍ ያልተጻፉት ተወላጆች ለዘለዓለም እንደሚቆረጡ ስለገባቸው ነው። ጦር ከዘመተና ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ መንግሥት ጠቅላይ ገዢውን አነሣ፤ ግብሩም በጎጃም በተግባር ሳይውል ቀረ።

ከሰባት ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ በሽያጭ፣ በመያዣ፣ በውርስና በሌላም መንገድ እንዳይተላለፍ ከለከለ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ያዡ ሲሞት ሚስቱ ወይም ባልዋና አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆች፣ እነዚህ ከሌሉም ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ በመሬቱ የመጠቀም መብት እንዲኖራቸው ፈቀደ። ለደቡቡ ጭሰኛ ይህ ከባለመሬት ቀንበር የወጣበት ቀን ነበር። ለሰሜኑ ርስተኛ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ በእጁ ያለውን ማሳ አረሰ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ፣ በሩቅ ደብር በአያቱ ስም ሊጠይቀው ይችል የነበረው ድርሻ፣ የሐረግ ቆጠራው ችሎት፣ የፈጁ ሥራ በአንድ ቀን ከንቱ ሆነ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደር ሕግ የይዞታ መብት ለቤተሰብ አባላት በውርስ እንዲተላለፍ ቢፈቅድም፣ በአማራ ክልል የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ተለጥፎበት የሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሚያስረዳው ማን እንደያዘ ነው፤ ከማን እንደመጣ አያስረዳም። ለሴቶች ከቀድሞው የተሻለ ዋስትና መስጠቱ መልካም ነው፤ ሐረጉን ለማስታወስ የነበረው ምክንያት ግን ከመሬቱ ተለየ።

ከአዋጁ ወዲህ የጸኑት መሬት የማይጠይቁት ውርሶች ናቸው። ምርቃት አልቀረም፤ የአርባ ቀን ተዝካር አልቀረም፤ በብዙ ዕድሮችም አባል የነበረ አባት ወይም እናት ሲሞቱ ልጅ በቦታቸው ይተካል። የሰባት ቤት ቆጠራም በከተማ እየሳሳ ቢሄድም በገጠሩ አሁንም ጋብቻ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች በተጓዙበት ዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤል ሽማግሎች ለልጆቻቸው ጋብቻ ሲመጣ ይህንኑ ቆጠራ በአዲሱ አገራቸው ቀጥለዋል።

ስም ግን በስደት አገር ያልታሰበ ለውጥ ደርሶበታል። በእስራኤል በተደረገው ምዝገባ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጻፈ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በየፎርሙ ላይ የመጨረሻ ስም ሲጠየቁ የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም ሰጡ፤ ልጆቻቸውም ያንኑ ይዘው አደጉ። በአገር ቤት ከልጅ ልጅ በኋላ ይወድቅ የነበረው የአንድ ገበሬ ስም በዋሽንግተን ወይም በነታንያ ለሦስተኛና ለአራተኛ ትውልድ ቋሚ መጠሪያ ሊሆን ነው። በዚህ ደስ የሚላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ደስታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን የተመረጠው አንዱ ስም ከብዙ የትውልድ መስመሮች የአንዱ ብቻ፣ እርሱም በወንዱ ወገን ብቻ የመጣ ነው። በርስቱ ቆጠራ ከወንዶቹ እኩል በስማቸው ይጠሩ የነበሩት አያቶች፣ መብት ይዘው ወደ ሌላ ደብር የተዳሩት፣ ለልጅ ልጆቻቸው መሬትም ዘመድም ያስገኙት ሴቶች በፓስፖርቱም በመታወቂያውም ላይ ስፍራ የላቸውም፤ የእነርሱን መስመር የሚያውቁት አሁን በሕይወት ያሉት አረጋውያን ብቻ ናቸው፤ ከልጆቻቸውም መካከል ጠይቆ የጻፈው ጥቂት ነው።